አኩፓንክቸር ለአንገት ሕመም፦ ይሠራላችሁ እንደሆነ እንዴት ታውቃላችሁ?

አንገታችሁን ከያዛችሁ ወራት አልፏል። ማስታገሻ ስትወስዱ ጋብ ይላል፣ ስትተዉት ይመለሳል። አንዱ ወዳጃችሁ «አኩፓንክቸር ሞክር፣ እኔን ገላግሎኛል» ይላል። ሌላው «ተወው ባክህ፣ ገንዘብህን ሊበሉህ ነው» ይላል። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። ግን የአንዱም ቃል ለእናንተ አንገት ማስረጃ አይሆንም። አኩፓንክቸር ማለት ቀጫጭን መርፌዎችን በተመረጡ የሰውነት ቦታዎች ላይ እየወጉ ሕመምን የሚያክሙበት የቻይና ባህላዊ ሕክምና ነው።

ይህን የምጽፈው ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጠው ወይም ኮምፒውተር ላይ አቀርቅረው የሚውሉ ብዙ ሰዎች በዚህ ሕመም ሲንከራተቱ ስለማይ ነው። ገንዘብ ካወጡ አይቀር ምን እየገዙ እንደሆነ ይወቁ፣ ካልሠራላቸውም በጊዜ ያቁሙ።

መጀመሪያ ሐኪም የሚያስፈልገው አንገት

መርፌ ጨርሶ የማይመለከተው የአንገት ሕመም አለ። ይህን ሳታጣሩ ቀጠሮ አትያዙ።

ሕመሙ ከመኪና አደጋ ወይም ከውድቀት በኋላ የጀመረ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት አብረውት መጥተው አገጫችሁን ወደ ደረት ማስጠጋት ካቃታችሁ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። እጃችሁ እየሰነፈ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ካስቸገራችሁ፣ ስትራመዱ ከተንገዳገዳችሁ፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላልና ይህም ቀን የሚሰጠው ነገር አይደለም። ድንገት፣ ከዚህ በፊት አይታችሁት የማታውቁት ዓይነት ሕመም ከማዞር፣ ከንግግር መኮላተፍ ወይም ነገር ሁለት ሆኖ ከመታየት ጋር ከመጣ የአንገት ደም ሥር ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ስትሮክ ያመጣል።

አንድ በተለይ ለእኛ ሰው መነገር ያለበት አለ። ቲቢ የሚይዘው ሳንባን ብቻ አይደለም፣ አከርካሪ አጥንትንም ይይዛል። ክብደት እየቀነሳችሁ፣ ሌሊት እያላባችሁ፣ ሕመሙም ተኝታችሁ እንኳን የማይለቃችሁ ከሆነ ምርመራ ያስፈልጋችኋል። ካንሰር ታክማችሁ የምታውቁም እንደዚሁ። እነዚህ ምልክቶች እያሉ ወጌሻም ይሁን ሌላ ማንም ሰው አንገታችሁን በኃይል አጣምሞ «ቀጭ» እንዲያደርግ አትፍቀዱ።

ከዚህ ሁሉ ነፃ ከሆናችሁ፣ ሐኪሙም «ጡንቻ ነው፣ የከፋ ነገር የለም» ካላችሁ፣ ሕመሙም ሦስት ወር ገደማ ከቆየ፣ የሚቀጥለው ለእናንተ ነው። ትናንት አንገቱ አልዞር ብሎት የተነሳ ሰው ግን ትንሽ ይታገስ። እንዲህ ዓይነቱ ድንገተኛ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ጊዜ ይለቃል። መርፌ ብትወጉም ባትወጉም ይለቅ የነበረውን መርፌው አዳነኝ ትላላችሁ።

«ይሠራል?» ከማለት በፊት «ከምን ይሻላል?»

ጠቅላላው ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች 29 ጥናቶችን ሰብስበው ወደ 18,000 የሚጠጉ ሕመምተኞችን መረጃ አንድ በአንድ መረመሩ። የጀርባና የአንገት፣ የትከሻ፣ የጉልበትና የራስ ምታት ሕመም ያለባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራውን አሳድገው 39 ጥናትና 20,827 ሰው አደረሱት። ውጤቱን ለማስረዳት በመጀመሪያው ጽሑፋቸው ላይ የሰጡት ምሳሌ ግሩም ነው። ሕመማችሁ ከ100 ላይ 60 ነው እንበል። ያለ አኩፓንክቸር፣ በተለመደው ሕክምና ብቻ ከቆያችሁ ወደ 43 ይወርዳል። አስመሳይ አኩፓንክቸር ከተደረገላችሁ 35 ይሆናል። እውነተኛው ከተደረገላችሁ ደግሞ 30።

አስመሳይ ስል ምን ማለቴ ነው? ለምሳሌ ጫፏ ዶልዱም የሆነች መርፌ አለች። ቆዳችሁን ስትነካ እንደ ተውኔት ቢላዋ ወደ እጀታዋ ትገባለች፣ እናንተ ግን የተወጋችሁ ይመስላችኋል። በሌሎች ጥናቶች ደግሞ ትክክለኛ ያልሆነ ቦታ ላይ ስስ አድርገው ይወጋሉ።

አሁን ቁጥሮቹን እንቀንስ። ከ60 ወደ 30 ስትወርዱ 30 ነጥብ ተሻላችሁ። ከዚህ ውስጥ 17ቱ መርፌ ባይኖርም የሚመጣ ነው፤ ሕመም ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሰው ደግሞ ሕክምና የሚፈልገው ከፍ ባለበት ሰሞን ነውና ከዚያ በኋላ መውረዱ አይቀርም። 8ቱ የሚመጣው አንድ ባለሙያ ጊዜ ወስዶ ስላዳመጣችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ጸጥ ብላችሁ ስለተኛችሁ፣ ይሻለኛል ብላችሁ ስለጠበቃችሁ ነው። መርፌው ትክክለኛ ቦታ ላይ በመግባቱ የተገኘው 5 ነው።

ስለዚህ «ይሠራል» የሚለውም «ፕላሴቦ ነው» (ይሻለኛል ብሎ ከመጠበቅ ብቻ የመጣ ነው) የሚለውም የየራሱ ቁጥር አለው። ለታማሚ ግን ጥያቄው መሄድና አለመሄድ ነው፣ በእነዚህም መካከል ያለው ልዩነት 13 ነጥብ ነው። ትንሽ አይደለም። ተአምርም አይደለም። ደግሞ ልብ በሉ፣ ጥሩ በሚባለው ውጤት እንኳን 30 ላይ ነው የቆማችሁት። ሕመሙ በግማሽ ቀለለ እንጂ አልጠፋም። «ነቅለን እናወጣዋለን» የሚላችሁ ሰው ጥናቱ ያላየውን ነው የሚሸጥላችሁ።

ስለ አንገት ብቻ የተሠሩትንም ስታዩ ነገሩ ይኸው ነው። በጀርመን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ትልቅ ጥናት ከ3,700 በላይ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ወዲያው አኩፓንክቸር የጀመሩት በ3 ወር ውስጥ በአንድ የአንገት ሕመም መለኪያ ላይ 16.2 ነጥብ ተሻላቸው፣ ያልጀመሩት ደግሞ 3.9። በጣም ያምራል። ግን አስመሳይ መርፌ አልነበረውም፤ ማን ምን እንደሚያገኝ ሁሉም ያውቅ ነበር። በእንግሊዝ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ 135 ሰዎች ያሉበት ሌላ ጥናት መርፌውን ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኤሌክትሪክ ማስታገሻ መስሎ ኤሌክትሪክ ከማይወጣው አስመሳይ መሣሪያ ጋር አወዳደረ። መርፌው በለጠ። ልዩነቱ ግን ሰው በኑሮው ውስጥ ልብ የሚለው ያህል አልነበረም። ጥናት ሲጠቀስላችሁ «ከምን ጋር ተወዳድሮ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን ግማሹን ያወቃችሁት ያኔ ነው።

እኔ በጣም የምወደው በእንግሊዝ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውን ነው። 517 ሰዎችን በሦስት ከፈሉ። አንዱ ቡድን 12 ጊዜ አኩፓንክቸር አገኘ። ሁለተኛው የአሌክሳንደር ቴክኒክ የሚባለውን፣ አቀማመጥንና አካል አያያዝን የሚያስተምር ትምህርት 20 ጊዜ ተማረ። ሦስተኛው በተለመደው ሕክምና ቀጠለ። ከዓመት በኋላ ሁለቱም ቡድኖች ከሦስተኛው በለጡ፣ የሁለቱም ጥቅም እኩል ሊባል የሚችል ነበር። ከዚህ የምወስደው መርፌ ብቸኛ መንገድ አለመሆኑን ነው። መርፌ የሚፈራ ሰው ምንም አልቀረበትም።

የቻይና ባህላዊ ሕክምና በሰውነት ውስጥ ይፈስሳል ስለሚለው፣ ቺ ስለሚባለው ኃይልና ስለሚሄድባቸው መስመሮች በምርመራ የታየ ነገር የለም። መርፌ ነርቭን ሲቀሰቅስ ሰውነት የራሱን ማስታገሻ እንደሚያመነጭ ግን ታይቷል። ቺን ባታምኑም መሞከር ትችላላችሁ፣ ብታምኑም ከታች ያለው መለኪያ አይቀርላችሁም።

ማን ይከፍላል?

ኢንሹራንሶችና የመንግሥት ተቋማት ማስረጃውን ያነበቡበት መንገድ ይለያያል። የእንግሊዝ መመሪያ አውጪው ናይስ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥር ለሰደደ ሕመም አንድ ዙር አኩፓንክቸር መሞከር ይቻላል አለ፣ ግን የባለሙያው ጊዜ በድምሩ ከ5 ሰዓት እንዳይበልጥ። በጀርመን መደበኛው የጤና መድን ከ2007 ጀምሮ የሚከፍለው ለታችኛው ጀርባና ለጉልበት ነው፣ አንገት አልገባም።

አሜሪካ ያላችሁ፣ በተለይ እናትና አባታችሁን የምታሳክሙ፣ ይህን ያዙ። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ወዲህ አኩፓንክቸር የሚከፍለው ሥር ለሰደደ የታችኛው ጀርባ ሕመም ብቻ ነው፤ በ90 ቀን ውስጥ 12 ጊዜ፣ መሻሻል ከታየ 8 ይጨመራል፣ ካልታየ ይቆማል። ለአንገት አይከፍልም። አንዳንድ የግል ኢንሹራንሶች ግን ይከፍላሉ፣ ስለዚህ ካርዳችሁ ጀርባ ላይ ያለውን ስልክ ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ለአንገት ሕመም ይሸፈናል ወይ፣ በዓመት ስንት ጊዜ፣ የእናንተስ መዋጮ ስንት ነው። እስራኤል ያላችሁ በኩፓት ሆሊም ተጨማሪ ኢንሹራንስ በቅናሽ ማግኘት ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ደግሞ በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የቻይና የሕክምና ቡድን አኩፓንክቸር ሲሰጥ ቆይቷል።

ከኪሳችሁ ከሆነ ሒሳቡን በአንድ ጊዜ ዋጋ አትሥሩት። አንዱ 100 ዶላር ከሆነ 12 ጊዜ 1,200 ዶላር ነው። የቤት ኪራይ የሚያናጋ ገንዘብ ከሆነ አትጀምሩት። ያው ገንዘብ ለጥቂት የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ቢውል የአንገትና የትከሻ ጡንቻ ማጠንከሪያ ተምራችሁ ለዕድሜ ልካችሁ ቤት ውስጥ ትሠሩታላችሁ፣ ሁለቱን አንድ ላይ መክፈል ለማይችል ሰው ፊዚዮቴራፒውን ነው የማስቀድመው።

ባለሙያውን እንዴት ታጣራላችሁ

ስልክ ስትደውሉ ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ። በአሜሪካ አብዛኛው ስቴት የፈቃድ ዝርዝሩን ኢንተርኔት ላይ አውጥቷል፣ ስም አስገብታችሁ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ይህን ጠይቁ፦ «ለውጥ ካላየሁ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የምታቆሙልኝ?» ጥሩ ባለሙያ «ከአምስት ስድስት ጊዜ በኋላ እናየዋለን» ዓይነት መልስ አለው። «እሱ እንደ ሰው ነው፣ 20 ጊዜውን አስቀድመህ ብትከፍል ቅናሽ አለ» ካላችሁ ስልኩን ዝጉት። መድኃኒታችሁን አቁሙ የሚል፣ ወይም በመጀመሪያው ቀን የቅጠላ ቅጠል ጠርሙስ የሚደረድርላችሁም እንደዚሁ ነው። አንዳንድ ፊዚዮቴራፒስቶች ተመሳሳይ ቀጭን መርፌ ጡንቻ ላይ ይወጋሉ። የእነሱ ሥልጠና ሌላ ነው፣ ስለዚህ «ስንት ሰዓት ሠለጠንክ?» ማለት ነውር የለውም።

ክፍሉ ስትገቡ ዓይናችሁ መርፌው ላይ ይሁን። አዲስ፣ የታሸገ፣ ፊት ለፊታችሁ የሚከፈት፣ አንዴ ተወግቶ የሚጣል መሆን አለበት። ንጹሕ ያልሆነ መርፌ ሄፓታይተስ ቢ ያስተላልፋል፣ ያለፉት ዘመናት ወረርሽኞች አሳይተውታል። ዋግምትም ልጨምርላችሁ ካለ ደም የሚወጣበት ዓይነት ከሆነ እምቢ በሉ።

ለማታውቁት፣ ሂደቱ ይህን ይመስላል። ባለሙያው ሕመሙን ይጠይቃል፣ በጣቱ እየተጫነ የሚያመውን ቦታ ይፈልጋል። መርፌዋ እንደ ፀጉር ቀጭን ልትባል ትችላለች፣ በትንሽ ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆና ቆዳችሁ ላይ ትቀመጥና ጭራዋን በጣቱ መታ ያደርጋታል። ስትገባ ብዙም አትሰማም። ቀጥሎ ሲያሽከረክራት ከባድ፣ የሚጫን፣ የሚያደነዝዝ ስሜት ይመጣል። እሱ የተለመደ ነው። ኤሌክትሪክ የመሰለ ስለታም ሕመም ወደ ክንዳችሁ ከሮጠ ግን «አሞኛል፣ አውጣልኝ» በሉ፤ ነርቭ ተነክቶ ይሆናል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ትተኛላችሁ።

ጉዳቱስ? በጀርመን ከ229,000 በላይ ታካሚዎችን የተከታተለ ጥናት 8.6 በመቶው ላይ አንድ ዓይነት ጉዳት አገኘ። አብዛኛው ትንሽ መድማት ወይም መበለዝ ነው። ሳንባ የተበሳባቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። እጅግ ብርቅ ነው፤ ሆኖም አንገት የሚታከም ሰው ማወቅ አለበት፣ ምክንያቱም ለአንገት ሕመም በብዛት ከሚወጉት ቦታዎች አንዱ በአንገትና በትከሻ መካከል ያለው ወፍራሙ ጡንቻ ነው፣ የሳንባ ጫፍ ደግሞ ከሥሩ ነው ያለው። ከሕክምናው በኋላ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ደረታችሁን ከወጋችሁ፣ በማግስቱም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ሄዳችሁ «ትከሻዬ ላይ አኩፓንክቸር ተደርጎልኛል» በሉ። ይህን ካልተናገራችሁ ሐኪሙ ላያስበው ይችላል።

ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመላችሁ፣ ሳትጠየቁ ተናገሩ። አንዳንድ ባለሙያ መርፌው ላይ ኤሌክትሪክ ያገናኛል፤ መቆጣጠሪያው ካለ ግን አይገናኝም። በጾም ወቅት ደግሞ እህል ሳትቀምሱ አትሂዱ፤ ባዶ ሆድና መርፌ ሲገናኙ ሰው ራሱን ይስታል። ከቀትር በኋላ ከቀመሳችሁ በኋላ ያለውን ቀጠሮ ያዙ፣ የመጀመሪያውንም ጊዜ ተኝታችሁ እንጂ ተቀምጣችሁ አትወጉ።

የራሳችሁ መለኪያ

ጥናት የሚነግራችሁ ስለ ብዙ ሰው አማካይ ነው። የእናንተን አንገት የምትለኩት እናንተ ናችሁ፣ መለኪያውም ከመጀመሪያው መርፌ በፊት መጀመር አለበት። ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

በስልካችሁ ማስታወሻ ላይ በየማታው በተመሳሳይ ሰዓት ሦስት ነገር ጻፉ። አንደኛ፣ የዛሬው ሕመም ከ0 እስከ 10 ስንት ነው። ሁለተኛ፣ ዛሬ ስንት ማስታገሻ ወሰዳችሁ። ሦስተኛ፣ ያቃታችሁ አንድ ሥራ። ይህን ሦስተኛውን በደንብ ምረጡት፣ «ደህና አይደለሁም» የሚባል ሳይሆን የሚታይ ነገር ይሁን፤ ሹፌር ከሆናችሁ መኪና ወደ ኋላ ስትነዱ ትከሻችሁን አልፎ ማየት፣ ቢሮ የምትውሉ ከሆነ ሳትነሱ ስንት ደቂቃ መሥራት እንደቻላችሁ፣ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ስንት ጊዜ ሳያማችሁ ማንሳት እንደቻላችሁ።

የአንገት መዞርን ቤት ውስጥ መለካት ይቻላል። ሁልጊዜ አንድ ወንበር ላይ፣ አንድ ቦታ ተቀመጡ። ጀርባችሁ ከወንበሩ ሳይለቅ፣ ትከሻችሁ ሳይንቀሳቀስ ወደ ቀኝ ዙሩ። ዓይናችሁ የደረሰበትን የመጨረሻ ነገር ጻፉ፦ የበሩ እጀታ፣ የመስኮቱ ጠርዝ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያው ሁለተኛ ክፍል። ከዚያ ወደ ግራ። በሳምንት አንዴ ይበቃል። ከበሩ እጀታ ወደ መስኮቱ ጠርዝ ከተሻገራችሁ አንገታችሁ በትክክል ተከፍቷል ማለት ነው፣ ስሜት አይደለም።

በዚህ ሰሞን ሌላ ነገር አትለውጡ። አዲስ ትራስ፣ አዲስ መድኃኒት፣ መታሸት፣ የጠረጴዛ ከፍታ ሁሉንም በአንድ ወር ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳችሁ በፍጹም አታውቁም። የአንገት እንቅስቃሴ የምትሠሩ ከሆነ አታቋርጡ፣ ግን ከመርፌው ቀድማችሁ ጀምራችሁ እንደነበረው ቀጥሉ።

ከዚያ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በድምሩ ስድስት ጊዜ ሂዱና ቁሙ። ማስታወሻውን አውጡ። የመጀመሪያውን ሳምንት አማካይ ከመጨረሻው ሳምንት አማካይ ጋር አስተያዩ። ከሕክምናው በወጣችሁበት ምሽት ያለውን ቁጥር ብቻ አትዩ፣ ያን ዕለት ሁሉም ሰው ቀለል ይለዋል። በሕመም ጥናት ውስጥ ትርጉም አለው የሚባለው ለውጥ 2 ነጥብ ወይም 30 በመቶ ያህል መውረድ ነው። 7 የነበረው 5 ከሆነ፣ ማስታገሻውም ከቀነሰ፣ የመረጣችሁት ሥራም ከተቃለለ ቀጥሉ። 7 የነበረው 6.5 ከሆነ ባለሙያው የቱንም ያህል ደግ ሰው ቢሆን አቁሙ። እዚህ ላይ ይሉኝታ ብዙ ሰው ያስከፍላል። «ደከመልኝ፣ እንዴት አልመጣም እላለሁ» ይላሉ። ደግሞ «አሁን ነው መሥራት የሚጀምረው» ሲባሉ አራት ይጨምራሉ፣ ከዚያ ሌላ አራት።

ከሠራላችሁ ቀጠሮውን እያራቃችሁ እስከ አስርና አስራ ሁለት ጊዜ አድርሱና አንድ ወር ሙሉ ተዉት፣ መጻፉን ግን አትተዉ። በ2018ቱ ጥናት መሠረት ከሕክምናው ከዓመት በኋላ የጠፋው ጥቅም 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ «በየሳምንቱ ካልመጣህ ይመለስብሃል» የሚለውን ከመቀበላችሁ በፊት በዚያ ወር ውስጥ ቁጥራችሁ ምን እንደሆነ እዩ። ባለበት ከቆየ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ቀስ በቀስ ከወጣ በወር አንዴ መሄድ ያዋጣ እንደሆነ ከኪሳችሁ ጋር ተማከሩ።

ካልሠራላችሁም ማስታወሻውን አትደምስሱት። ለሐኪማችሁ ወይም ለፊዚዮቴራፒስታችሁ አሳዩት። በየትኛው ቀን እንደሚብስ፣ ወደ የትኛው ጎን እንደማይዞር፣ ስንት ኪኒን እንደምትውጡ በሳምንታት ልክ ጽፎ የሚመጣ ታማሚ ብዙ አይገጥማቸውም፣ ቀጣዩን ሕክምና ለመምረጥ ከዚያ ይጀምራሉ።